በጾም የተበላ ጉበት

ሰኔ ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓመተ ምሕረት
ከደብረ ኤልያስ ወዲህ፣ ከተወለድክበት ቤት

ለልጄ ለዲያቆን አካለ ወልድ
ኢየሩሳሌም

የሆዴ ፍሬ፣ የጌታ እግር በረገጠው አገር ያለህ ልጄ፣ ሰላምታዬ ከጠጉርህ እስከ እግርህ ጥፍር ይዳብስህ። ከሄድክ አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆነህ። እንደ ወጉ «እኔ ደህና ነኝ፣ አንተስ?» ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ዘንድሮ ግን «ደህና ነኝ» የሚለውን ቃል ፈራሁት። ለምን እንደፈራሁት ስታነብ ትደርስበታለህ።

ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ፊደሉ የዶሮ ጭረት ቢመስልህ አትሳቅብኝ። አባቴ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ሴት ልጅ ፊደል ቆጥራ ምን ልትሆን ነው?» እያሏቸው ዳዊት ያስደገሙኝ ለዚህ ቀን ኖሯል። እስከ ዛሬ የደረሰህን ደብዳቤ ሁሉ እኔ እየተናገርኩ አባትህ ናቸው የጻፉት። የዛሬው ግን በእሳቸው እጅ ሊጻፍ አይችልም፤ ለሌላ ጸሐፊም የሚነገር አይደለም።

ነገሩን ሳላድበሰብስ ልንገርህ። ከዚህ ወደ መተማ የሚወርድ መንገደኛ፣ ከዚያም ወደ እናንተ የሚመጣ መነኩሴ አይጠፋም። አንድ ቀን አንዱ «መሪጌታ ታረቀኝ በሰኔ ጾም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ ጉበት በሉ» ብሎ ይነግርሃል። እውነት ነው፤ በልተዋል። አባትህ ዛሬ ማኅሌት አይቆሙም። ከቅጥሩ ውጭ ከወይራው ሥር ቆመው ነው የሚያስቀድሱት፤ የእሳቸው ተማሪዎች በአጠገባቸው እያለፉ ይገባሉ። ይህን ከሌላ ሰው አፍ ሰምተህ አባትህን እንዳትጠየፋቸው ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። የጀመርኩት እኔ ነኝ።

ከሥሩ ልንገርህ። ጠላት በሠላሳ ዓመተ ምሕረት መጥቶ ከብቱን ከነዳ ወዲህ በዚህ ቀዬ ወተትና ቅቤ የሚባል ነገር ጠፍቷል። የቤታችን ጣራ ተቃጥሎ እንደገና ከደንነው። ጎመን እንኳ አጣን፤ ጓሮውን በቅሎዎቻቸው ጨርሰውት ሄዱ፤ ዘሩም አልተረፈ። ባቄላና ገብስ ግን አላጣንም፤ ሆድ ይሞላል። የሞላ ሆድና የጠገበ ገላ አንድ እንዳልሆኑ ያወቅሁት ዘንድሮ ነው።

አንተ ስትሄድ አባትህ ስልሳ አልሞላቸውም ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት እየዘመሩ ነበር የሚወጡት፤ እኔ ከኋላቸው እያለከለክሁ «ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ታቦቱ አይሄድብዎ!» እላቸው ነበር። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ያንኑ ዳገት ሦስት ጊዜ እያረፉ መውጣት ጀመሩ። ቆዳቸው እንደ አሮጌ ቁርበት ሻከረ። እኔም ጉልበቴ ይዝላል፣ አፌ ይቆስላል። ሰው ሲጠይቀን «ሽምግልና ነው» እንላለን። ጎረቤታችን የብርጓልም እንዲሁ ትል ነበር፤ ዕድሜዋ ገና አርባ አምስት! በዚህ መንደር ያለ አዋቂ ሁሉ ባንድ ዓመት አረጀ። ሰው ሁሉ ባንድ ዓመት አብሮ እንዴት ያረጃል ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። እኛም ጤነኞች ነን እያልን ቆምን።

የብርጓልን መቼም አትረሳትም። አንተን ወልጄ ዓመት ሙሉ ስታመም በጀርባዋ ያዘለችህ እሷ ናት። ባሏ በሠላሳው ዘመቻ ሞቶባት ከልጇ ከዘሪቱ ጋር ነበር የምትኖረው። ዘሪቱ አሁን ትልቅ ሴት ሆናለች፤ ብታያት አታውቃትም። እኔና የብርጓል ዘመድ አይደለንም፤ ነገር ግን በዚህ ሁሉ ዘመን አንዳችን ያለ አንዳችን ውኃ ወርደን አናውቅም።

ዘንድሮ ለቅበላ የቀረችንን አንዲት ፍየል አረድን። ሥጋውን ከየብርጓልና ከዘሪቱ ጋር በላነው። ጉበቱን ግን ዘለዘልኩና ጨውና በርበሬ አሽቼ ከእሳቱ በላይ በገመድ ሰቀልኩት። አባትህ ሳቁብኝ።

«የጉበት ቋንጣ ደሞ ከማን አገር የመጣ ወግ ነው?» አሉ።

«ለፋሲካ ሌላ የምናርደው የለም። በሽምብራ ቆሎ ሊፈስኩ ኖሯል?» አልኳቸው። ዝም አሉ፤ ሲረቱ ዝም እንደሚሉ ታውቃለህ።

ጾሙ ገባ። በሁዳዴ ቅዳሴው የሚወጣው ውሎ ነውና አባትህ ቤት የሚደርሱት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ምሽት ሲገቡ ከበሩ መቃን ጋር ተላተሙ። «ይህን በር ማነው ያጠበበው?» ብለው ቀለዱ። በማግሥቱ ከደጃፋችን ያለውን ጉቶ «እንዴት አመሻችሁ» ብለው እጅ ነሡት። እኔ ሳቅሁ። ሳቄን ስጨርስ ፈራሁ። ቀን ዳዊቱን ደህና አድርገው ያነባሉ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ዶሮና አባትህ እኩል ሆኑ። ዳፍንት ነበር የያዛቸው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ቤታችን የሚያመጣውን መንገድ ታውቀዋለህ፤ ባንድ በኩል ቋጥኝ ነው፣ ባንድ በኩል ገደል። ልጅ ሳለህ በዚያ ስትሮጥ ስንት ቀን ገርፌሃለሁ። አሁን ደግሞ አባትህ በየምሽቱ በዚያው መንገድ በእጃቸው ቋጥኙን እየዳበሱ መምጣት ጀመሩ።

የዳፍንት መድኃኒቱ ጉበት መሆኑን የማያውቅ ሰው በጎጃም የለም። ወደ ንስሐ አባታችን ወደ አባ አለበል ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አባ ደግ ናቸው። «የታመመን ሰው ጾም አይዘውም። እኔ ፈቅጃለሁ፣ ይብሉ በያቸው» አሉኝ። እየሮጥኩ መጥቼ ለአባትህ ነገርኳቸው።

«ማን ነው የታመመው?» አሉኝ።

«ዓይንዎ ነዋ!»

«እኔ አልታመምኩም፤ ሸምግያለሁ። ሽምግልና በሽታ አይደለም። ጤነኛ ሰው፣ ያውም መሪጌታ፣ በሁዳዴ ጉበት ሊበላ ነው? ተማሪዎቼን ነገ ምን ብዬ ላስተምር? ፋሲካ ሲደርስ እበላዋለሁ፤ እስከዚያ በዳበሳ እሄዳለሁ።»

ፋሲካ ሰባት ሳምንት ይቀረው ነበር። መንገዱ ሰባት ሳምንት የሚታገሥ አልመሰለኝም። ልጄ፣ እኔ አባትህን ከእግዚአብሔር አስበልጬ ነው የወደድኩ? እንጃ። ይህን እኔ አልፈርደውም። ያደረግሁትን ግን ልንገርህ። በማግሥቱ ቤት ውስጥ ሰው ሳይኖር ጉበቱን አወረድኩ። በሙቀጫ ወቅጬ ዱቄት አደረግሁት። ማታ ለአባትህ ሽሮ ስሠራ አንድ ማንኪያ ጨመርኩበት፤ ሽታው እንዳያጋልጠኝ ነጭ ሽንኩርቱን እጥፍ አደረግሁት። እኔ ከዚያ ወጥ አልበላሁም፤ ሆዴን ይነፋኛል ብዬ እንጀራዬን በጨው በላሁ። ሳያውቅ የበላ ሰው ኃጢአት የለበትም፣ የሚጠየቀው አውቆ ያበላው ነው አልኩ። ገሃነም ቢኖር እኔን ብቻ ይጠብቀኝ ብዬ ነበር።

በየማታው እንዲህ አደረግሁ። በሦስተኛው ሳምንት አባትህ ራታቸው ቀርቦላቸው ሳለ ቀና ብለው በእሳቱ ብርሃን ገመዱን አዩት።

«ያ ጉበት የት ሄደ?» አሉ።

እሳቱን ቆሰቆስኩ። «ለየብርጓል ሰጠኋት» አልኩ። «እሷንም ዳፍንት ይዟታል። ለፋሲካ ትፈስክበት ብዬ ነው።»

በዳፍንቱ አልዋሸሁም፤ በዚያው ሰሞን የብርጓልንም ይዟት ነበር። አባትህም «ደግ አደረግሽ» አሉና ሽሯቸውን በሉ።

የመጻጉዕ እሁድ ከመድረሱ በፊት፣ አርብ ምሽት፣ አባትህ ያለ መሪ መንገዱን እየረገጡ መጡ። ከደጅ ቆመው «ወለቴ፣ ነይ ውጪ! የምሽቷን ኮከብ አየሁ!» አሉ። እንደ ልጅ ነበር የሚያደርጋቸው። እኔም አቀፍኳቸውና አለቀስኩ። ጉልበታቸውም ተመልሶ ነበር፤ ፊታቸው ወዛ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ኃጢአቴን ይዤ ዝም ብዬ እሞት ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አባትህ በሕዝቡ ፊት ቆሙ። የዕለቱ ወንጌል ሠላሳ ስምንት ዓመት ተኝቶ ስለተነሣው በሽተኛ ነው። «እናንተም ታውቃላችሁ፣ ዓይኔ በምሽት ጠፍቶ ነበር» አሉ። «ጉበት ብላ ተባልኩ፤ እምቢ አልኩ። እነሆ፣ ጾም አበራልኝ! ጾሙን ያከበደ ብርሃኑን ያያል!» ሴቱ ሁሉ እልል አለ። እኔም እልል አልኩ። ምን ላድርግ? ዝም ብል ሁሉም ዞሮ ያየኝ ነበር።

የብርጓል ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነች። «መሪጌታ ያገኙትን እኔም አገኛለሁ» አለችና ጾሙን አከበደች። አንድ ቀን እየዘለለች በሁለት ቀን አንዴ፣ ያውም አንድ እፍኝ ንፍሮ ብቻ መብላት ጀመረች። እኔ በዚያን ጊዜ ከዱቄቱ ብዙ ማንኪያ ተርፎኝ ነበር። ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ! ብሰጣት ለአባ አለበል ትናዘዛለች፤ አባ ከአባትህ ጋር ወዳጆች ናቸው። የአባትህ ስም ይጠፋል ብዬ ፈራሁ፤ ስሜም ይጠፋል ብዬ ፈራሁ። ፋሲካ ደርሷል፣ ጥቂት ቀን ትታገሥ፣ እስከዚያ እኔ እመራታለሁ አልኩ። በየምሽቱም እጇን ይዤ አመጣት ነበር።

በሆሣዕና ዕለት በሰሙነ ሕማማት ለሚሞቱት ሁሉ ፍትሐት አስቀድሞ ሲደረግ ከጎኔ ቆማ ነበር። ሳምንቱን ለሞተ ሰው ሌላ ፍትሐት የለምና ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። እሷ ግን እንደ ልማዷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ዘንድሮስ ለማን ይሆን?» አለችኝ። «ዝም በይ እባክሽ» ብዬ በክርኔ ጎሰምኳት።

ረቡዕ ዕለት ስግደቱ ሲያልቅ መሽቶ ነበር። አባትህ ደህና ያያሉና ከሰዎቹ ጋር ቀድመው ሄዱ። እኔና የብርጓል ከኋላ ቀረን። ከቋጥኙ ስንደርስ ቆመች።

«እጄን ልቀቂኝ» አለች።

«ለምን?»

«ልሞክረው። ይኸው ሃምሳ ቀን ጾምኩ። እስካሁን ሳይበራልኝ አይቀርም። ካልታየኝ እጠራሻለሁ።»

እውነቱን ልነግራት የምችልባት ሰዓት ያቺ ነበረች። «ጾም አይደለም፣ ጉበት ነው» ለማለት አራት ቃል ይበቃ ነበር። አላልኩም። እጇን ለቀቅኳት።

ጥቂት እርምጃ ሄደች። «ወለቴ፣ ነጣ ነጣ አለልኝ! መንገዱ ታየኝ!» አለች፤ ድምፅዋ የደስታ ነበር። ልጄ፣ በዚያ ሰዓት ነጣ ብሎ የሚታየው መንገዱ አልነበረም፤ ከገደሉ አፍ በላይ ያለው ሰማይ ነው። «ቁሚ!» ብዬ ጮኽሁ። የድንጋይ ናዳ ሰማሁ። ከዚያ ምንም አልሰማሁም።

ሐሙስ ቀበርናት። ደወል የለ፣ ፍትሐት የለ፤ እሁድ የሰማችው የራሷ ሆነ። አባትህ ከመቃብሩ አፋፍ ላይ ቆመው «ጾሟን እንደ ያዘች ሄደች» አሉና አለቀሱ። ዘሪቱ ያን ቃል ይዛው ቀረች። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ቆሜ ነበር። ሰው ኀዘኗ ጸንቶባት ነው እያለ ያጽናናኝ ነበር።

ፋሲካን በአንድ እንቁላል ፈሰክን። ሃምሳው ቀን አለፈ። ዝም አልኩ። በግንቦት መጨረሻ ዘሪቱ ምሽት ላይ እሳት ልትጭር ወደ ቤቴ ስትመጣ ከጉቶው ጋር ተላትማ ወደቀች። አነሣኋት። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት። «ከእናቴ ቀብር ወዲህ ነው፤ ግድ የለም፣ የሰኔን ጾም ልጾም ተስያለሁ» አለች። የሰኔ ጾም የካህናት ነው ብሎ ሰው ሁሉ ሲበላ እሷ እንደ እናቷ ልትጾም ነበር። «እናቴ ጾሙን ሳትጨርስ ነው የሄደች፤ እኔ እጨርስላታለሁ» አለችኝ።

በዚያው ሰሞን አንሙት ወደ ቤታችን መጣ። ይህን ደብዳቤ ይዞ እስከ መተማ የሚወርድልኝ እሱ ነው። ደብረ ማርቆስ ጠላት ባቆመው ሐኪም ቤት ቁስል ሲያጥብ ኖሮ፣ ጠፍቶ ከአርበኞቹ ጋር የገባ ሰው ነው። የአባትህን ታሪክ ሰምቶ ኖሮ ፈገግ አለና ለብቻዬ እንዲህ አለኝ።

«እሜቴ፣ ጾም ዓይን አያበራም። ሐኪሞቹ ቪታሚን የሚሉት ነገር አለ። ለዓይን አይታይም፤ በጉበት፣ በቅቤ፣ በእንቁላል፣ በጎመንም ውስጥ አለ። ገላ እንደ ጎተራ ያከማቸዋል። ጎተራው ሲጎድል ሰው አልጋ ላይ አይወድቅም፤ ጉልበቱ ይዝላል፣ ቆዳው ይሻክራል፣ ማታ ማየት ይሳነዋል። ጤነኛ ነኝ ይላል፤ አረጀሁ ይላል። አላረጀም፤ ጎድሎበት ነው። መሪጌታ አንድ የበሉት ነገር አለ።»

እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ያንድ ፍየል ጉበት ለስንት ሰው ይበቃል?»

«ለሦስትም ለአራትም ይበቃል» አለኝ። «ለአንድ ሰውማ ጥቂት ጉርሻ ከበቂ በላይ ነው።»

ለሦስትም ለአራትም! አባትህ ዓይናቸው ከበራ በኋላም ሳምንት ሙሉ ያን ዱቄት ስጨምርላቸው ነበር፤ ዳፍንቱ እንዳይመለስ ብዬ። የተረፈውን ከስቅለት በኋላ ጓሮ ቀበርኩት፣ ልጄ። የየብርጓልን ዓይን ጓሮ ቀበርኩት።

አንሙት እንደ ወጣ አባትህ ብራና ወደሚፍቁበት ሄድኩ። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሙቀጫውን፣ ሽሮውን፣ ለየብርጓል ሰጠኋት ያልኩትን ውሸት። ቀና አላሉም። መፋቂያቸውን ብቻ አስቀመጡት።

«በሁለተኛው ቀን አውቄዋለሁ» አሉ።

የሰማሁት አልመሰለኝም። «ምኑን?»

«ሽሮውን። ምላሴ ተሳስቷል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። የተራበ ሰው ምላስ እንደማይሳሳት እያወቅሁ። ደግሞ ማየት ፈለግሁ፣ ወለቴ። ገደሉን ፈርቼ ነበር።»

«ታዲያ የመጻጉዕ ዕለት በሕዝቡ ፊት የተናገሩት?»

«ሲበራልኝ ከጉበት ይልቅ ከእግዚአብሔር ቢሆን ደስ አለኝ። ተናገርኩት፤ ስናገረው አመንኩት።»

«ገመዱን ያዩ ዕለትስ?»

ብራናውን በመዳፋቸው ዳበሱ። «ለየብርጓል እንዳልደረሰ አውቅ ነበር» አሉ።

ልጄ፣ ያን ዕለት አባትህን ጠላኋቸው። ራሴን ደግሞ ከእሳቸው አብልጬ ጠላሁ። በአንድ ቤት፣ በአንድ ማዕድ ተቀምጠን፣ እኔ የማያውቁ መስሎኝ ስደብቃቸው፣ እሳቸው ደግሞ ማወቃቸውን ይደብቁኛል። ያቺ ሴት በሁለታችን ዝምታ መካከል ወደቀች። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው ይላሉ አባቶች፤ እኛ ውሸታችንን አቅፈን በሰላም ቤታችን አደርን፣ የመሸባት እሷ ናት።

በሰኔ መጀመሪያ የደምለው በሬ እግሩ ተሰብሮ ታረደ። ደምለው የወዲያኛው ሰፈር ጎረቤታችን ነው። ከጉበቱ ለምኜ ለዘሪቱ ወሰድኩላት፤ እናቷን ያጣችው በእኔ መሆኑንም ነገርኳት። አላመነችኝም። «መሪጌታ ዋሹ ልትይኝ ነው? እናቴን ከመቃብር አስነሥተሽ ሞኝ ልታደርጊያት ነው?» ብላ ሳህኑን ገፋችው። ከዚያ ወዲያ አባትህ ካልነገሯት ማንም ሊያበላት እንደማይችል ገባኝ።

ለአባትህ ይህን ነገርኳቸው። በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር፤ ገበያተኛው በዘሪቱ ደጅ የሚያልፍበት ቀን። ነጭ ሻሻቸውን ጠምጥመው፣ የተጠበሰውን ጉበት በሳህን ይዘው ወጡ። ከኋላቸው ሄድኩ። ከዘሪቱ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ጠሯት። ሰው መቆም ጀመረ።

«የመጻጉዕ ዕለት የነገርኳችሁ ውሸት ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ማኅሌት ላይ እንደሚያወጡት ከፍ ያለ ነበር። «ዓይኔን ያበራው ጉበት ነው። በሁዳዴ በልቻለሁ፤ እያወቅሁ በልቻለሁ። እናትሽ የሞተችው የእኔን ቃል አምና ነው። አሁን እሷን ተከትለሽ ብትሞቺ እኔ ሁለት ነፍስ ገዳይ ነኝ። የታመመ ይበላል። አንቺ ታመሻል። ብይ።»

ዘሪቱ ቆማ አየቻቸው እንጂ አልተንቀሳቀሰችም። ያን ጊዜ አባትህ ራሳቸው አንድ ጉርሻ ጎረሱ። በሰኔ ጾም፣ በቀን፣ ያውም በስውር አልነበረም፤ የገዛ ተማሪዎቻቸው እያዩ ነው። እንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ አላመጡና ዋጡ። አንዷ ገበያተኛ ፊቷን ሸፈነች። አንድ ሽማግሌ ተፍቶ ሄደ።

ሳህኑን ለዘሪቱ ዘረጉላት። ዘሪቱ መጥታ ከፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጠችና አንድ ቁራጭ አነሣች። ቀስ ብላ አላመጠች። ሌላም አነሣች። ሁሉንም እስክትጨርስ ገበያተኛው ቆሞ ጠበቀ። ሳህኑን መልሳ ስትሰጣቸው «እናቴ ጉበት ትወድ ነበር» አለች። ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች።

አባትህ ያንኑ ዕለት ወደ አባ አለበል ሄደው ከቅጥሩ ውጭ አንድ ዓመት እንዲቆሙ ራሳቸው ለመኑ። አባ ግማሹን ሊያቀሉላቸው ቢሞክሩ እምቢ አሉ። እኔም ቀኖናዬን ተቀብያለሁ፤ እሱን አልጽፍልህም። የመንደሩ ሰው ግማሹ ያዝንልናል፤ ግማሹ ሰላምታ ይነፍገናል። ዘሪቱ አሁን በምሽት ታያለች፤ ውኃ ለብቻዋ ትወርዳለች። እኛን ግን አታናግርም። መብቷ ነው።

አባትህን እንደ ቀድሞው እንድታከብራቸው አላዝህም፤ ትልቅ ሰው ነህ። ዝም ብለው ቢኖሩ ግን ዛሬም መሪጌታ ነበሩ። ይህን አስበህ ፍረድ። እኔን ደግሞ እንደፈለግህ። የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ ጎልጎታ ስትገባ የብርጓልን አስባት፤ የክርስትና ስሟ አመተ ሥላሴ ነው። ከእኔም ከአባትህም ስም በፊት እሷን ጥራልን። ያዘለችህን ጀርባ ብድር አንተ በጸሎት መልስልን።

አንሙት ለእኔም ጉበት ያስፈልገኛል ብሎኝ ነበር። አባትህ ከደምለው በሬ ድርሻዬን አስቀርተውልኝ፣ የበላሁት ይመስላቸዋል። ለዘሪቱ ነው በሰው እጅ የላክሁላት። ይህን ለአባትህ በደብዳቤህ እንዳታነሣባቸው፤ አደራ። ደብዳቤው አራት ቀን የፈጀብኝም ፀሐይ ሳለች ብቻ ስለሚታየኝ ነው፤ አሁንም የጣራችን ጥላ ከደጃፉ ጉቶ ደርሷልና ፊደሉ ሳይጠፋኝ ላቁም።

እኔ ባላይህ እግዚአብሔር ይይህ። የረገጥከው መሬት ይጥናልህ፤ እጅህን የሚይዝ ሰው አይንሳህ።

እናትህ
ወለተ ኢየሱስ